ክረምቱን እየተመሰጋገኑ ማለፍ፦ ለቤተሰብ የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ክረምት ዝናብና ጭቃ ይዞ ቢመጣም፣ በረዶና ጨለማ ይዞ ቢመጣም ሰዉን ሁሉ ወደ ቤት ይሰበስባል። በየፊናው ተበትኖ የሚውለው ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መብራት ሥር ይከማቻል። ሥራው ይበዛል፣ ትዕግሥት ያጥራል። በር ላይ የተከመረ እርጥብ ጫማ፣ አልደርቅ ያለ ልብስ፣ ሌሊቱን ሲያስል የሚያድር ልጅ፣ ውጭ መውጣት ያማረውና ቤቱን በጩኸት የሞላ ሌላ ልጅ አለ። ይህን ሁሉ ድምፁን ሳያሰማ የሚያስተካክል ሰውም አለ፤ ብዙ ጊዜ ምሽት ላይ ፊቱ የሚጠቁረው፣ ትንሽ ነገር የሚያስቆጣው እሱ ወይም እሷ ናት።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንን ሰው ለማየት የሚረዱ ናቸው። ቤት ውስጥ ማመስገን ማለት ማን ምን እንደሠራ ማስተዋል፣ ያስተዋሉትን መናገርና ሸክሙ ያጋደለበትን ማገዝ ነው ብዬ አምናለሁ። ማገዙ ከሌለ ማስተዋሉና መናገሩ ለወጉ ያህል ብቻ ይሆናሉ።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ለመጀመሪያው ምሽት አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሳምንት አንዴ ሩብ ሰዓት ነው። ስልክ ላይ ባትጽፉት ይሻላል። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር በመልእክት ክምር ሥር ይቀበራል፤ ደብተር ግን ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ይውላል።

1. ክረምቱ የጨመረውን ሥራ ጻፉ

ብርዱ በደንብ ሳይገባ፣ ወይም ከገባም ሳይውል ሳያድር፣ ሁሉም የቤቱ ሰው የተገኘበትን ምሽት ምረጡ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ስጡ። ጥያቄው አጭር ነው፦ በክረምት ብቻ የሚመጣው ወይም በክረምት የሚብሰው ሥራ ምንድን ነው? ማንስ ነው የሚሠራው? ሁሉም የሌላውን ሳያይ ለብቻው ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ልጅ ይናገርና አንዱ ይጻፍለት።

ለብቻ የሚጻፍበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ባለትዳሮችን ለየብቻቸው ጠይቀው ነበር፦ ከቤት ውስጥ ኃላፊነት ምን ያህሉን የምትሸከመው አንተ ነህ፣ ምን ያህሉንስ አንቺ ነሽ? የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኞቹ ዘንድ ከመቶ በመቶ አለፈ። ሰዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ድካም ያስታውሳል፣ የሌላውን ግን ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያየው። የእናንተ ወረቀቶችም ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዲሁ ሳይገጥሙ ይቀራሉ። በዚህ አትጣሉ። ልዩነቱ ራሱ ዋናው መረጃ ነው፤ አንዱ ጽፎት ሌላው ጭራሽ ያልጠቀሰው ሥራ ካለ፣ እስከ ዛሬ ሳይታይ የኖረው ሥራ እሱ ነው።

ስትጽፉ ሥራውን እስከ ጥቃቅኑ ዘርዝሩት። «ጫማ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። እርጥብ ጫማ ለጠዋት እንዲደርስ የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ ጭቃውን ያራግፋል፤ ማሰሪያውን ፈትቶ ምላሱን ወደ ውጭ ይስባል፤ ውስጡን የሚነጠለውን ንጣፍ አውጥቶ ለብቻው ያሰጣል፤ ጋዜጣ ጨምድዶ እስከ ጣቱ ድረስ ይጠቀጥቃል። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ርሶ ስለሚገኝ ያወጣውና በደረቅ ይተካል። ቆዳ ጫማ ከሆነ እሳት ወይም ማሞቂያ ሥር አያስጠጋውም፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ ለአንድ ጥንድ ጫማ ነው። ጠዋት ልጁ እግሩን ሲከት ደረቅና ለስላሳ ሆኖ ያገኘዋል፤ ማን እንዳደረገው ግን ጠይቆ አያውቅም።

ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ዘርዝሩ፦ ብርድ ልብስ ማውጣትና ማናፈስ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ማድረቅ፣ ንፋስ የሚገባበትን የመስኮት ስንጥቅ መድፈን፣ ቤቱን ማሞቅ፣ ሌሊት ተነስቶ ልጅ ማልበስ፣ የታመመ ሰው ማስታመም፣ ውጭ መጫወት ያልቻሉ ልጆችን ማጫወት፣ ዝናብ ላይ ወጥቶ የጎደለ ነገር ይዞ መምጣት። ማሰብም ሥራ ነውና እሱንም ጻፉት። «የትንሹ ጃኬት ዘንድሮ አይበቃውም» ብሎ ቀድሞ የሚያስበው ማነው? መድኃኒት ማለቁን የሚያውቀውስ? ከዝርዝሩ ሁሉ እየተዘለለ የሚቀረው ይህ ነው።

2. ከማመስገናችሁ በፊት ሸክሙን አከፋፍሉ

ዝርዝሩ አልቆ አብዛኛው ሥራ በአንድ ሰው ስም ከተሞላ፣ እዚያው ምሽት አንድ ነገር መቀየር አለበት። «እጅሽ ይባረክ» እየተባለች ብቻዋን የምትሠራ ሴት ምርቃቱ አይሰለቻት ይሆናል፣ ሥራው ግን ይሰለቻታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙ አላየሁም።

ሥራ ስታስተላልፉ ሙሉውን አስተላልፉ። «ልብስ በማድረቅ አግዛት» ማለት አሁንም የምታስበውና የምታዘው እሷ ናት ማለት ነው። «የልብስ ማድረቁ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው» ሲባል ግን መቼ እንደሚታጠብ፣ የት እንደሚሰጣ፣ መቼ እንደሚታጠፍ የሚያስበው እሱ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያበላሻል፤ ያበላሽ። ካልሲው ተጣጥፎ ካልተቀመጠ ዓለም አይጠፋም። ከኋላው ሆኖ ማስተካከል ሥራውን ከእጁ መልሶ መቀማት ነው።

የአራት ዓመት ልጅ የደረቁ ካልሲዎችን ጥንድ በጥንድ ማገናኘት ይችላል፤ እንደ ጨዋታ ስለሚያየውም ደስ እያለው ይሠራዋል። ሰባት ስምንት ዓመት የሞላው ጫማ ውስጥ ወረቀት መጠቅጠቅና መቀየር ይችላል። ለጎረምሳውና ለኮረዳዋ ደግሞ ቤት ማናፈሱን ስጧቸው፦ ጠዋት ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈትና መልሶ መዝጋት። ብርዱን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ዘግቶ መዋል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከሰው ትንፋሽ፣ ከድስትና ከሚደርቅ ልብስ የሚወጣው እርጥበት መውጫ ካጣ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ልብስ የሚደርቅበት ክፍል በሩ ተዘግቶ መስኮቱ ትንሽ ገርበብ ቢል ይመረጣል።

ቤት ማሞቅን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሰል ለማሞቂያ ብሎ በተዘጋ ቤት ውስጥ ማንደድ ይገድላል። ከሚነደው ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ይህ ለማንም የሚተላለፍ ሥራ ስላልሆነ ከዝርዝሩ አውጡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ በብርዳማ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ይመክራል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤት ከዚያም ከፍ ቢል ይሻላል። ቤቱን ሁሉ ማሞቅ ካልተቻለ አንዱን ክፍል መርጦ ማሞቅና እዚያ ተሰብስቦ ማምሸት ያዋጣል።

በደመወዝ የምትሠራ ሠራተኛ ቤታችሁ ካለች የእሷም ሥራ ዝርዝሩ ላይ ይግባ። ክረምት የጨመረባትን ሥራ በምስጋና ብቻ አትለፉት፤ ወይ ሥራው ይቀነስላት፣ ወይ ክፍያዋ ይጨመር።

3. አመሰጋገኑን ልመዱት

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤት የሚሰናከለው እዚህ ነውና። «አመሰግናለሁ» ማለት ለእንግዳ ይቀለናል። ለባል፣ ለሚስት፣ ለገዛ ልጅ ሲሆን አፋችን ይያዛል፤ ወይ በቀልድ እናስመልጠዋለን፣ ወይ «ግዴታዋ አይደል» እንላለን።

ጥሩ ምስጋና ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው የተሠራው ሥራ ነው፣ በስሙ ተጠርቶ። ሁለተኛው የሠራው ሰው ነው፤ ምን እንዳስከፈለው፣ ወይም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሥራው የሚያሳየው ነገር። ሳራ አልጎ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ጥንዶች ሲመሰጋገኑ የሚናገሩትን አጥንታ ነበር። አመስጋኙ ስለ ራሱ ጥቅም ከመናገር አልፎ ያደረገለትን ሰው መልካምነት ሲያነሳ ተመስጋኙ የበለጠ ደስ እንደሚለው አገኘች። «በጣም ተመቸኝ» ማለትና «እኔን እንዳትቀሰቅሰኝ ብለህ በጨለማ ነው የለበስከው፤ አሳቢ ነህ» ማለት ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ሚስት ለባሏ፦

«ትናንት ማታ ሦስቴ ተነስተህ ልጁን ሸፍነኸዋል፣ ሰምቻለሁ። ጠዋት ሥራ እንዳለህ እያወቅህ። እግዜር ይስጥልኝ።»

አባት ለልጁ፦

«የእህትሽን ጫማ ሳትታዘዢ አድርቀሽላት አየሁ። እኔ ረስቼው ነበር፣ አንቺ ግን አስታወስሽ። ተባረኪልኝ የኔ ልጅ።»

ልጅ ለአያቱ፦

«አያቴ፣ መብራት የጠፋ ቀን ተረት ሲነግሩን ጨለማውን ረሳሁት። ሌላም ቀን ይንገሩን እሺ?»

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም ረጅም አይደለም፤ ሁሉም ግን አንድ የታየ ነገር ይናገራሉ። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» የሚለው ግን ሁሉንም ነገር ጠቅልሎ አንዱንም አይነካም።

ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ምስጋና «ግን» አይከተለውም። «ጎበዝ፣ ቤቱን አናፈስክ፤ ግን መጋረጃውን ረሳኸው» ካላችሁ ልጁ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው መጋረጃው ነው። መጋረጃውን ነገ ንገሩት። ሽሙጥም አይሁን፤ «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች፣ አንተ ዕቃ ታጥብ!» የሚባለው ነገር ያስቃል፣ ግን ሰውዬው በሚቀጥለው ቀን ውኃው ዘንድ አይደርስም። ሌላውን ለመውጋት ማመስገንም አለ፦ «እሷማ ሳይነገራት ታደርጋለች» እየተባለ ዓይን ወደ ወንድሟ ይላካል። በዚህ የሁለቱንም ታጣላችሁ።

ስትመሰገኑም ተቀበሉት። «ኧረ ምንም አይደል፣ ተወው» እያልን የምንመልሰው ትሕትና መስሎን ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው ያየውን አላየህም ማለት ይሆናል። «አሜን» ወይም «ስላየህልኝ ደስ ብሎኛል» በቂ ነው።

ትልልቆቹን በተመለከተ፣ በተለይ አባቶችን፣ ቃል አውጥቶ ማመስገን የሚከብዳቸው አሉ። አትጫኗቸው። አንዳንዱ ሰው ምስጋናውን በምርቃት ይገልጻል፤ ሌላው ዝም ብሎ ወንበሩን ይለቃል፤ ሌላው ደግሞ «ዛሬ ደክሞሻል፣ እኔ እሠራዋለሁ» ይላል። ይህም ይቆጠር።

4. የሳምንቱ ደብተር

በየቀኑ የሚደረገው ምስጋና እንደ አጋጣሚው በቃል ይሁን። በሳምንት አንድ ምሽት ደግሞ በጽሑፍ። ለምን በየቀኑ አይሆንም ለምትሉ፣ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ ላይ የጠቀሱት ጥናት አለ። ለስድስት ሳምንት የሚያመሰግኑበትን ነገር ከጻፉት ሰዎች መካከል ደስታቸው የጨመረው በሳምንት አንዴ የጻፉት ናቸው፤ በሳምንት ሦስቴ የጻፉት አልጨመረላቸውም። ሲደጋገም ልማድ ሆኖ ይነጥፋል መሰለኝ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካሎ ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በሳምንት አንዴ እስከ አምስት የሚደርሱ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች ለአሥር ሳምንት ጽፈው ነበር፤ ያማረራቸውን ነገር ከጻፉት ተማሪዎች ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፣ የሕመም ስሞታቸውም ያነሰ ነበር። አሥር ሳምንት ማለት ክረምቱን ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል።

ቀኑን አንዴ ከመረጣችሁ አትቀያይሩት። እራት ከተበላ በኋላ፣ ልጆቹ ሳይደክማቸው ቢሆን ይመረጣል። ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ስልኮች ሌላ ክፍል ይቀመጡ። ደብተሩ በዕድሜ ከትንሹ ጀምሮ ይዙር፤ ከትልቅ ከተጀመረ ልጆቹ የሰሙትን ይደግማሉ።

ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ እያንዳንዱ ሰው ስለ ሌላ የቤቱ ሰው አንድ ነገር ይጽፋል፤ በዚያ ሳምንት የሆነ፣ በዓይን የታየ፣ ስም ያለው። ከዚህ ቀደም የተጻፈ ነገር አይደገምም። ይህ የመጨረሻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኑን ከፍቶ እንዲውል የሚያደርገው እሱ ነው። አራተኛው ሳምንት ላይ «እማዬ ምግብ ስለሠራች» የሚለው አልቆ ልጁ ሌላ ነገር መፈለግ ይጀምራል፤ የሚያገኘውም ትልልቆቹ ያላዩት ነው።

አንድ ገጽ ሲሞላ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ባቢ ብርድ ልብሱን ለኔ አካፈለኝ። እግሩ ግን ቀዝቃዛ ነው።»

«አባዬ ጃንጥላውን ለኔ ሰጥቶኝ ራሱ በዝናብ መጣ። ኮፍያው ጠብ ጠብ ይል ነበር።»

«እማማ ሌሊት ጉንፋን ይዞኝ ስነሳ እንዳልፈራ በሩን ክፍት አድርጋ መብራት ተወችልኝ።»

«ልጆቹ ስተኛ ድምፅ ቀንሰው ተጫወቱ። ያውም ሳልለምናቸው።»

መጻፍ የማይችል ይሳል። የትንሹ ስዕል ከማንኛችንም ጽሑፍ የበለጠ ይናገራል፤ ብቻ ከሥሩ ምን እንደሆነ ጽፉለት፣ በሚቀጥለው ወር እሱም እናንተም ትረሱታላችሁ። ጎረምሳው «ዛሬ የለኝም» ካለ ይለፈው። ሁለት ሳምንት ቢያልፈውም አትከተሉት። ስለ እሱ ግን መጻፋችሁን አታቋርጡ፤ ስሙ ሲነበብ እየሰማ ዝም የሚል ልጅ ይሰማል እንጂ አይሰማም አይባልም።

ሁሉም ከጻፈ በኋላ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ። አስተያየት አይሰጥ፣ እርማት አይደረግ፣ የፊደል ስህተት አይታረም። ከሩብ ሰዓት በላይ አትቆዩ።

ስሙ ሁለት ሦስት ሳምንት ያልተጠራ ሰው ካለ ልብ በሉ። ያ ሰው ወይ ምንም አልሠራም፣ ወይ የሚሠራው ገና አልታየም። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ወደ መጀመሪያው ዝርዝር ተመልሳችሁ ስሙን ፈልጉ።

5. ሰው ሲታመም

ክረምት ጉንፋን ሳይጠራው አይቀርም። በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ቤቱ ውስጥ የሚረሳው አስታማሚው ነው። ታማሚው ይጠየቃል፣ ይደረግለታል፤ ሌሊቱን የተቀመጠው ሰው ጠዋት እንደ ማንኛውም ቀን ይነሳል።

ስለዚህ ገና ማንም ሳይታመም ተራ ያዙ። ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት፤ እስከ እኩለ ሌሊት አንዱ፣ ከዚያ በኋላ ሌላው። ያደረው ሰው በማግስቱ ከቤት ሥራ ነፃ ይሁን። ተራው ወረቀት ላይ ይጻፍና የሚታይ ቦታ ይለጠፍ፤ በቃል የተባለ ተራ ሌሊት ላይ ያጨቃጭቃል። አልጋው አጠገብ ትንሽ ማስታወሻ ይቀመጥ፣ መድኃኒት ስንት ሰዓት እንደተሰጠና ትኩሳቱ ስንት እንደነበረ ለተረኛው እንዲጻፍበት። ይህም ሁለት ሰው ሳይተያይ አንዱን መድኃኒት ሁለቴ እንዳይሰጥ ይረዳል።

እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ መታጠብ፣ ሲያስሉ በክንድ መሸፈን፣ ክፍሉን ማናፈስ፤ እነዚህን ለልጆቹ ስትነግሩ «እንዳይዝህ» ከማለት «እቴትዬን እንዳታስይዛት» ማለት የተሻለ ይሠራል። ልጅ ለሌላ ሰው ሲሉት ይጠነቀቃል።

የዳነ ሰው አልጋውን ሲለቅ የመጀመሪያው ሥራው አስታማሚዎቹን ማመስገን ይሁን። ትንሽም ቢሆን ይህን ይማር።

6. ብርሃን ፈልጉ

ቀኑ በሚያጥርበት አገር የምትኖሩ ከሆነ ይህን አትዝለሉት። ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ወቅት ጠብቆ የሚመጣ የድብርት ሕመምን በጥናት ገልጸዋል፤ ክረምት ሲገባ እንቅልፍ የሚበዛበት፣ ጉልበት የሚከዳው፣ ምንም ነገር የማያስደስተው ሰው አለ። «ስንፍና» ወይም «ውለታ ቢስነት» እያላችሁ አትለፉት። ደመና በሆነ ቀን እንኳ ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን ቤት ውስጥ ከሚበራው አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አብሮ መውጣት ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ መጋረጃ ገልጦ መስኮት ዳር ቁርስ መብላት። አብሮ መሄድ ለወሬም ይመቻል፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማያወሩ ልጆች ጎን ለጎን ሲሄዱ አፋቸውን ይፈታሉ።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ወይም ሰውዬው መኖር አስጠላኝ ካለ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ደብተር የዚህ መድኃኒት አይደለም።

7. ከቤት ውጭ ላለ ሰው ጻፉ

በክረምቱ አጋማሽ ላይ አንዱን ሳምንት ደብተሩን ተዉትና ለአንድ ሰው ደብዳቤ ጻፉ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አያት፣ በብርድ ቆማ ልጆችን መንገድ ለምታሻግር ሴት፣ ከዓመታት በፊት ላስጠጋችሁ ዘመድ፣ ቤታችሁ ውኃ የገባ ቀን ባልዲ ይዞ ለደረሰ ጎረቤት።

እንደ መጻፍ የሚያሳፍረን የለም። «ምን ይለኛል? ዛሬ ምን ነካት ይለኝ ይሆናል» እንላለን። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ ጽፈው ተቀባዩ ምን እንደሚሰማው እንዲገምቱ አደረጉ። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ያፍራል ብለው አብዝተው ገመቱ፤ ምን ያህል እንደሚገርመውና እንደሚደሰት ደግሞ አሳንሰው። ቃሌ አያምርም ብለው የሚጨነቁትን ያህል ተቀባዮቹ ለቃል አሰካክ አልተጨነቁም።

አጻጻፉ ቀላል ነው። ያደረገላችሁን ነገር በቀጥታ ጥሩት፤ የዚያን ቀን ምን ሁኔታ ላይ እንደነበራችሁ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ ዛሬም ድረስ ምን እንደተረፋችሁ ተናገሩ። ሰላምታውን አታስረዝሙት። በዚያው ደብዳቤ ላይ ምንም ነገር አትለምኑ፣ «በዚህ አጋጣሚ» ብላችሁ ጉዳይ አታስገቡ። ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይናቸው የደከመ ከሆነ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩ፤ ቅርብ ከሆኑ ደግሞ ሄዳችሁ አንብቡላቸው። ልጆቹ በራሳቸው ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። አያትዬው ደጋግመው እንደሚያዳምጡት አልጠራጠርም።

8. የማይሆንበት ቀን

ቤት ሁሌ አይስማማም። ተጣልታችሁ ባመሻችሁበት ቀን ደብተሩን አትክፈቱ። ተኮራርፎ መመሰጋገን ምስጋናውን ያረክሳል። ጠቡን መጀመሪያ ፍቱት፤ ካልተፈታ ለሌላ ቀን አሳድሩት።

ምስጋናን አፍ መዝጊያ አታድርጉት። ልጅ «በረደኝ፣ ሰለቸኝ» ሲል «ቤት የሌላቸው አሉ፣ አመስግን» ከተባለ የሚማረው ማመስገን አይደለም፤ ስሜቱን መደበቅ ነው። መጀመሪያ «እውነትህን ነው፣ ይበርዳል» በሉት፣ ከዚያ ልብስ ደርቡለት። ሚስት ደክሞኛል ስትልም እንዲሁ፤ ያላትን ነገር መቁጠር አያሳርፋትም። ሰው በሞተበት፣ ሥራ በጠፋበት ክረምት ደግሞ ባዶ ገጽ ይለፍ። የተመታች፣ የተሰደበች ሴት ባለችበት ቤት ይህ መመሪያ ቦታው አይደለም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ከለላ ነው።

9. ወቅቱ ሲወጣ

ብርዱ መለስ ሲል አንድ ምሽት እንደገና ተቀመጡና የመጀመሪያውን የሥራ ዝርዝር አውጡ። የተላለፈው ሥራ በእርግጥ ተላልፎ ቆየ ወይስ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞዋ ባለቤት ተመለሰ? ብዙውን ጊዜ ጥቂቱ ይመለሳል። የተመለሰውን በሌላ ቀለም አክብቡት። ማንም የማይፈልገውና ባይሠራም ምንም የማይጎድል ሥራ ካገኛችሁ ጭራሹን ሰርዙት፤ ለምሳሌ ማንም የማይለብሰውን ሹራብ በየዓመቱ እያጠቡ ማጠፍ።

ብርድ ልብሶቹን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። ትንሽ እርጥበት ይዘው ከታሸጉ ይሻግታሉ። የልጆቹን ጃኬትና ጫማ በየተራ ሞክሩላቸው፤ የጠበበውን ዛሬውኑ ለሚሆነው ሰው ስጡ፣ ለከርሞ የሚያስፈልገውን ቁጥር ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉ። እዚያው ገጽ ላይ የከርሞውን የሥራ ክፍፍል በእርሳስ ንደፉ፤ ዘንድሮ ሌሊት የተነሳ ሰው ከርሞ ሌላ ሥራ ይያዝ፣ ጫማ ያደረቀውም እንዲሁ። በእርሳስ ያልኩት እስከዚያ ልጆቹ ስለሚያድጉ ነው።